የመርካቶ ውሃ ወዴት ይፈሳል? የትንሹ አቃቂ ጉዞና ያልተቋጩ ጥያቄዎቹ

ትንሹ አቃቂ ከእንጦጦ ምዕራባዊ ትከሻና ከገፈርሳ አካባቢ ተነሥቶ፣ የአዲስ አበባን ምዕራባዊና ደቡብ ምዕራባዊ ሰፈሮች አቋርጦ፣ አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ከትልቁ አቃቂ ጋር የሚገናኝ ወንዝ ነው። ርዝመቱ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ የትልቁ አቃቂ ደግሞ ወደ 53 ኪሎ ሜትር። ሁለቱ ከነገባሮቻቸው ውሃ የሚሰበስቡበት ተፋሰስ ስፋቱ 1,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ አዲስ አበባ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ የተቀመጠችው በዚሁ ተፋሰስ ውስጥ ነው። በከተማዋ የዘነበ ዝናብ፣ የታጠበ ልብስ ውሃና የተደፋ እጣቢ ሁሉ ውሎ አድሮ ከሁለቱ አቃቂዎች ወደ አንዱ ይገባል።

ስለዚህ ወንዝ የተጻፈው በአብዛኛው የታችኛውን ግማሽ ይመለከታል። የፋብሪካዎቹ ዝቃጭ፣ በወንዙ የሚጠጣው አትክልትና የግድቡ በደለል መሞላት በተደጋጋሚ ተጠንተዋል። ከመርካቶ ገበያና ከአካባቢው ኮረብታ ቁልቁል የሚወርዱት ስም የሌላቸው ቦዮች ግን በካርታም በጥናትም ብዙ ቦታ አላገኙም። ወንዙ የሚለወጠው ደግሞ እዚያ ስለሆነ፣ የትንሹን አቃቂ ጉዳይ ለመመዘን የሚፈልግ ሁሉ ከላይ መጀመር ይኖርበታል።

ስሙና መነሻው

“ትንሹ” የሚለው ቅጽል ወንዙን የሚለካው ከወንድሙ ጋር ነው። ብቻውን ቢታይ ከሰሜን እስከ ደቡብ አንድ ሙሉ ከተማ የሚሻገር ረጅም ወንዝ ነው። በዳርቻው የሚኖረው ሰው ግን በዚህ ስም እምብዛም አይጠራውም። ሰዉ “ወንዙ” ይለዋል፤ ሲያብራራም በድልድዩ ወይም በሰፈሩ ስም ያስረዳል። “ትንሹ አቃቂ” በብዛት የሚገኘው በካርታ፣ በጥናት ወረቀትና በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ ነው። ነገሩ የስያሜ ብቻ አይደለም። በየሰፈሩ የተቆራረጠ ወንዝ እንደ አንድ አካል ሲታሰብ አይታይም፤ ከላይ የደፋና ከታች የተቀበለ ሰውም አንድ ውሃ እንደሚጋሩ አይሰማቸውም።

የአካባቢው የቦታ ስሞች ከከተማዋ በፊት የነበረውን መልክ ይዘው ቆይተዋል። ገፈርሳ በኦሮምኛ ጎሽ ማለት ነው። ዛሬ የውሃ ማጠራቀሚያ ግድብ ያለበት ቦታ በዱር አራዊት ስም መጠራቱ፣ ስፍራው በአንድ ወቅት ረግረግና ሣር የሞላበት እንደነበር ይጠቁማል። ጉለሌም በዚያ ምድር ይኖሩ ከነበሩ የኦሮሞ ጎሣዎች የአንዱ ስም ነው።

መነሻው የት ነው ለሚለው ጥያቄ ሁለት መልስ ይሰጣል። አንዱ ወገን ከዋናው ግንድ እጅግ ርቆ የሚገኘውን ምንጭ ይከተልና ገፈርሳን ይጠቅሳል። ሌላው ወገን ክረምት ከበጋ ውሃ የሚያመጡትን የእንጦጦ ተዳፋቶች ያስቀድማል። ገፈርሳ ላይ ውሃው ለከተማዋ መጠጥ ስለሚያዝ ከግድቡ በታች ወደ ወንዙ የሚደርሰው ትንሽ ነው፤ በዚህ የተነሣ በካርታ ላይ መነሻ የሆነው ቦታና በተግባር ውሃ የሚያቀብለው ቦታ ተለያይተዋል። በደቡብ ምዕራብ በኩል ደግሞ ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የወጨጫ ተራራና ከእሱ የሚያንሰው ፉሪ በምሥራቅ ፊታቸው ያለውን ዝናብ ወደ ትንሹ አቃቂ ይልካሉ። ወንዙ እንግዲህ የብዙ ተዳፋት ድምር ነው፤ “ምንጩ ይህ ነው” ብሎ በጣት ማመልከት ለትምህርት መጽሐፍ ቢመችም መሬቱ ላይ ያለውን አይገልጽም።

የእንጦጦ ሸንተረር ራሱ ትልቅ የውሃ መለያያ ነው። በሰሜን ፊቱ የወረደ ዝናብ በሙገር በኩል ዓባይ ገብቶ ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር ይሄዳል። በደቡብ ፊቱ የወረደው አቃቂን ተከትሎ አዋሽ ይገባና ወደ አፋር በረሃ ይወርዳል። በጉልላቱ ላይ በጥቂት እርምጃ ርቀት የወደቁ ሁለት ጠብታዎች ዳግም አይገናኙም።

እንጦጦን የሸፈነው ባሕር ዛፍ በውሃው ላይ ስላለው ተጽዕኖ የቆየ ክርክር አለ። ዛፉ የመጣው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ ከተማዋ ማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት አጥታ በተቸገረችበት ጊዜ ነው። ተቃዋሚዎቹ ባሕር ዛፍ ውሃ ስለሚመጥ ምንጮችን አድርቋል፣ ከሥሩም ሌላ ተክል ስለማያበቅል አፈሩን ለጎርፍ አጋልጧል ይላሉ። ደጋፊዎቹ ደግሞ ባይተከል ኖሮ ተራራው ራቁቱን ይቀር ነበር ሲሉ ይመልሳሉ። ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው፤ ልዩነቱ የሚመነጨው ከማነጻጸሪያው ነው። ባሕር ዛፉን ከጥንቱ የጽድና የወይራ ደን ጋር የሚያነጻጽር ይከሰዋል፤ ከባዶ ገደል ጋር የሚያነጻጽር ያመሰግነዋል። 705 ሄክታር ስፋት ያለው የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል በዚሁ ሸንተረር ላይ አገር በቀል ዛፎችን መመለሱ፣ የመጀመሪያውን ማነጻጸሪያ ወደ ተግባር ያመጣ ሥራ ነው።

ቁልቁል መንገዱ

ትንሹ አቃቂ ከጉለሌ ከፍታ ተነሥቶ በአዲስ ከተማና በኮልፌ ቀራንዮ መካከል ያለውን ሸለቆ ይይዛል። ከዚያ በልደታ ምዕራባዊ ጠርዝ አልፎ ወደ መካኒሳ ይወርዳል፤ ንፋስ ስልክ ላፍቶን አቋርጦም ወደ አቃቂ ቃሊቲ ሜዳ ይገባል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው የእንጦጦ ከፍታ 2,100 ሜትር ገደማ እስከሆነው የደቡብ ሜዳ ድረስ የመሬቱ ዝቅታ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ይህ ዝቅታ በእኩል አልተከፋፈለም። የላይኛው ክፍል ገደላማ ነው፤ ውሃው በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ እየተንደረደረ ጠባብና ጥልቅ ፈፋ ቆርጧል፤ የምዕራብ ሰፈሮች ድልድዮች ከፍ ብለው የቆሙትም ስለዚህ ነው። ከመካኒሳ በታች መሬቱ እየተዘረጋ ይሄዳል። ድንጋዩ በዋልካ፣ ማለትም ክረምት የሚያብጥ በጋ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር፣ ይተካል፤ ወንዙም ፍጥነቱ ቀንሶ መጠማዘዝ ይጀምራል። ከላይ እየጠረገ ያመጣውን ሁሉ የሚያራግፈው እዚህ ነው። የአትክልት እርሻዎቹም በዚህ ለም ዳርቻ ላይ ተዘርግተዋል። የመሬቱ አቀማመጥ የሚደፋውን ሰው ከላይ፣ የሚያመርተውን ሰው ከታች አስቀምጧል።

ወንዝ የሌለው ገበያ

መርካቶ በኮረብታ ጀርባ ላይ የተቀመጠ ገበያ ነው። በመሐሉ የሚያልፍ ወንዝ የለም፤ ውሃው ግን በሁለት በኩል ይወርዳል። በምዕራብ በኩል ያለው ወደ ትንሹ አቃቂ ይሄዳል። በምሥራቅ በኩል ያለው ወደ ኩርቱሜ ይገባል። ኩርቱሜ በአራዳና በአዲስ ከተማ መካከል አልፎ ወደ ፍልውሃ አቅጣጫ የሚወርድ ጅረት ሲሆን፣ ከቀጨኔ ጋር ተገናኝቶ ባንትይቀጡ ይሆናል፤ ባንትይቀጡ ደግሞ ከቀበና ጋር ተቀላቅሎ የትልቁ አቃቂ ገባር ይሆናል። በአንድ ገበያ ውስጥ በዚህ ተራ የፈሰሰ ውሃና በዚያ ተራ የፈሰሰ ውሃ በሁለት የተለያዩ ወንዞች ተጉዘው አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኛሉ።

ገበያው እዚህ ኮረብታ ላይ የተተከለው በታሪክ አጋጣሚ ነው። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ዋናው ገበያ ኋላ አራዳ በተባለው፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በነበረው ሜዳ ላይ ይቆም ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ የጣሊያን ባለሥልጣናት ከተማዋን በዘር ከፍለው የአውሮፓውያንና የአገሬው ሰፈር ለማድረግ አቀዱ። ኢኛሲዮ ጉዊዲና ቼዛሬ ቫሌ የተባሉ መሐንዲሶች ባዘጋጁት ፕላን መሠረት የአገሬው ገበያ ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ተዛወረ፤ አዲሱ ሰፈርም አዲስ ከተማ ተባለ። የኩርቱሜ ሸለቆ በአራዳና በአዲስ ከተማ መካከል የተፈጥሮ ድንበር ሆኖ ይታይ ነበር። ወራሪው ከወጣ በኋላ የዘር ክፍፍሉ ፈረሰ፤ ገበያው ግን ቦታውን አልለቀቀም። የዚያ ውሳኔ ውጤት በወንዞቹ ላይ እስካሁን ይነበባል። ቀድሞ ባብዛኛው ወደ ምሥራቁ ተፋሰስ ይፈስ የነበረው የገበያ ጥራጊ፣ ከዚያ ወዲህ ምዕራቡንም ተፋሰስ ተካፋይ አድርጓል።

አዲስ ከተማ 7.41 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ስፋት ያለው፣ ከከተማዋ ክፍለ ከተሞች ሁሉ ሕዝብ እጅግ የተጠጋጋበት ነው። ከነዋሪው በላይ ደግሞ በየቀኑ ከመላ አገሪቱ የሚመጣ ነጋዴ፣ ተሸካሚና ሸማች ይውልበታል። ይህን ሁሉ ሰው ያስተናገደ መሬት ዝናብ የሚያሰርግ ባዶ አፈር አልተረፈውም። ቆርቆሮ ክዳን፣ አስፋልት፣ ኮብልስቶንና ሲሚንቶ የሸፈነው ኮረብታ የተቀበለውን ዝናብ በሙሉ ወዲያውኑ ቁልቁል ይለቀዋል።

ከመርካቶ ተራዎች ምናለሽ ተራን ብቻ ማየት ይበቃል። ቁራሌው ከየሰፈሩ የለቀመው ብረት፣ ጠርሙስ፣ ጀሪካንና በርሜል የሚራገፈው እዚህ ነው። በርሜሉ በመዶሻ ተቀጥቅጦ ምድጃና ምጣድ ማስቀመጫ ይሆናል። የዘይትና የቀለም ዕቃው በኦሞና በአሸዋ ታሽቶ፣ ታጥቦና ተደርድሮ እንደገና ይሸጣል። አገሪቱ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ዕቃን ከመጣል የሚያድን ስፍራ ማግኘት ይቸግራል፤ በዚህ በኩል ተራው የወንዞች ባለውለታ ነው። የጀሪካኑ እጣቢ ግን በአጠገቡ ባለው ቦይ ይደፋል። ሐምሌ ላይ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲመጣ ቦዩ በጋውን ሙሉ ያከማቸውን ፌስታል፣ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ የካርቶን ቁራጭና ጥቁር ቅባት አንሥቶ ያወርዳል። ቱቦው ሲደፈን ውሃው መንገዱ ላይ ይወጣል፤ ባለ ሱቆቹም ዕቃቸውን ከፍ ከፍ ያደርጋሉ። ዝናቡ ሲያባራ ሁሉም ወደ ሥራው ይመለሳል፤ የተጠረገው ደግሞ ሸለቆው ውስጥ ገብቷል።

ወንዝ ነው ወይስ ፍሳሽ?

በአዲስ አበባ በዓመት ከሚዘንበው 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። ትንሹ አቃቂ በነሐሴ ድልድይ የሚያስፈራ ጎርፍ ነው፤ በየካቲት ድንጋይ ለድንጋይ የሚንሸራተት ቀጭን ጥቁር ውሃ ነው። በበጋ ከሚታየው ውሃ ውስጥ ከምንጭ የመጣው ጥቂት ሲሆን፣ ቀሪው ከቤት፣ ከሆቴልና ከፋብሪካ የተለቀቀ ነው።

አስተዳደሩን ግራ የሚያጋባው ይህ ነጥብ ነው። ትንሹ አቃቂ ወንዝ ነው ከተባለ ዓላማው ውሃውን ወደ ንጹሕ ሁኔታው መመለስ ይሆናል። የፍሳሽ መውረጃ ነው ከተባለ ደግሞ ሥራው መክደንና ማሳለፍ ነው፤ ብዙ የዓለም ከተሞች ወንዞቻቸውን ከአስፋልት በታች የቀበሩት በሁለተኛው አስተሳሰብ ነው። በሴኡል ከተማ መሐል የሚያልፈው ቾንግጌቾን በዚህ ዓይነት ተቀብሮ አውራ ጎዳና ከተሠራበት በኋላ በ2005 እ.ኤ.አ. ተገልጦ ዳግም ተከፍቷል። ይህ ምሳሌ ወንዝ መመለስ እንደሚቻል ለማሳየት በየጊዜው ይጠቀሳል። የማይነገረው ነገር ግን ዛሬ እዚያ የሚፈሰው ውሃ በአብዛኛው ከሌላ ወንዝ በፓምፕ የሚመጣ መሆኑ ነው። ትንሹ አቃቂ ከበጋ ፍሳሹ ቢለይ ምን ያህል ውሃ እንደሚቀረው ሳይታወቅ ስለ መመለሱ ማቀድ፣ ለባዶ ሸለቆ ዕቅድ ማውጣት ሊሆን ይችላል።

ብክለቱ ከየት ይመጣል?

በወንዙ ብክለት ምክንያት ላይ ሦስት አቋሞች አሉ። የመጀመሪያውና ጮክ ብሎ የሚሰማው ጣቱን ወደ ፋብሪካ ይቀስራል። የቆዳ፣ የጨርቃ ጨርቅ፣ የመጠጥና የቀለም ፋብሪካዎች ውሃ ፍለጋ ወንዙን ተከትለው ተተክለዋል። ቆዳ ማልፊያ ክሮሚየም ይጠቀማል፤ ክሮሚየሙም በወንዙ ደለል ውስጥ ተገኝቷል። ሁለተኛው አቋም ዋናው በካይ ቤተሰብ ነው ይላል፤ መጸዳጃ ቤቱን ወደ ፈፋ የከፈተ ግቢ፣ ሰብሳቢ ያላገኘ ቆሻሻና ቦይ ላይ የተደፋ እጣቢ ተደምሮ ፋብሪካዎቹን ይበልጣል። ሦስተኛው የጂኦሎጂ ባለሙያዎች ማሳሰቢያ ነው። የአካባቢው እሳተ ገሞራዊ ድንጋይ ሲፈርስ በተፈጥሮው ብረታ ብረት ስለሚለቅ፣ በአፈርም በውሃም የተገኘ ሁሉ የሰው እጅ ሥራ ነው ማለት አይቻልም።

ሦስቱ አቋሞች የሚጋጩ የሚመስሉት ስለተለያዩ በካዮች ስለሚናገሩ ነው። ለተቅማጥና ለአንጀት ትላትል የሚዳርገው ጀርምና ሽታው በዋናነት ከመጸዳጃ ይመጣል፤ እዚህ ላይ ሁለተኛው ወገን ይረታል። ክሮሚየምን የመሰለ፣ ከፋብሪካ መውጫ በታች በድንገት የሚጨምር ነገር ሲገኝ የመጀመሪያው ወገን ማስረጃ አለው። የጂኦሎጂ ባለሙያዎቹ ማሳሰቢያ ፋብሪካን ነጻ አያወጣም፤ የሚጠይቀው ከከተማው በላይ ያለው ንጹሕ ውሃ አስቀድሞ እንዲለካ ነው። የመርካቶ ዓይነት ድብልቅ ግን ከሦስቱ ክፍሎች በአንዱም በሚገባ አይመደብም። ጋራዡ፣ የባትሪ ጠጋኙ፣ የብረት ቀጥቃጩና የዕቃ አጣቢው ሥራ ፋብሪካ ስላልሆነ በፋብሪካ ቁጥጥር አይነካም፤ ቤተሰብም ስላልሆነ በቤት ፍሳሽ ዕቅድ አይታሰብም። የዚህ ዳሰሳ ግምገማ ትልቁ የዕውቀት ክፍተት ያለው እዚህ ላይ ነው የሚል ነው።

የአትክልቱ ጉዳይ ከሁሉ ይበልጥ ተጠንቷል። ፍስሐ ኢታና በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በአዲስ አበባ በቄራና በፒኮክ እርሻዎች የበቀለ ጥቅል ጎመን፣ ሰላጣና ቆስጣ ተመርምሮ ከተገቢው በላይ የሆነ ብረታ ብረት ተገኝቶበታል፤ ጥቅል ጎመን ከሌሎቹ ያነሰ አከማችቷል። የተበከለ ውሃ በአትክልት በኩል ወደ ሰው እንደሚመለስ ከዚያ ወዲህ የተካደ ነገር የለም። ያልተቋጨው ጥያቄ ምን ይደረግ የሚለው ነው። እርሻው ይታገድ የሚሉ ለበላተኛው ጤና ይቆረቆራሉ። በሌላ በኩል በዳርቻው የሚያርሱት አባወራዎች ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም፣ ከተማዋም ከዚያ ማሳ ትልቅ የቅጠላ ቅጠል ድርሻ ታገኛለች። ቅጠሉ በጥሬው የሚበላን ሰብል በሌላ የሚተካ መካከለኛ ሐሳብም ቀርቧል፤ ሰላጣ ግን ቶሎ ደርሶ ቶሎ ስለሚሸጥ ገበሬውን ከእሱ መለየት ቀላል አልሆነም።

ዳርቻውና ውሃው

በ2011 ዓ.ም. “ሸገርን ማስዋብ” የተባለው ፕሮጀክት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት በ29 ቢሊዮን ብር ታቅዶ ተጀመረ። በዚያው ዓመት በ“ገበታ ለሸገር” የእራት ግብዣ ለአንድ መቀመጫ 5 ሚሊዮን ብር እየተከፈለ ገንዘብ ተሰበሰበ። ከዚያ በኋላ መናፈሻዎች ተከፍተዋል፤ የቅርብ ዓመታቱ የኮሪደር ልማትም በተለይ በምሥራቁ ተፋሰስ በቀበና በኩል ወርዷል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ወንዝ በሚበክል ላይ የገንዘብ ቅጣት የሚጥል ደንብ ወጥቷል።

ስለዚህ ሥራ ያሉት አስተያየቶች ይለያያሉ። ደጋፊዎቹ ሰው ፊቱን ወደ ወንዙ ካላዞረ አይንከባከበውም ይላሉ፤ ለመቶ ዓመት ያህል ቤት ሁሉ ጀርባውን ለወንዙ ሰጥቶ መኖሩ ቆሻሻ መጣያ አድርጎታል። ይህ ክርክር ክብደት አለው። ተቺዎቹ ደግሞ ሁለት ነገር ያነሣሉ፤ ከዳርቻ የተነሡት ድሆች የሄዱበት ርቀትና ከመተዳደሪያቸው መነጠላቸው አንዱ ነው፤ ውሃው ሳይጸዳ ዳርቻው መዋቡ ሁለተኛው። ሁለተኛው ትችት በፍሳሽ ማጣሪያው አቅም ላይ ይመሠረታል። በ2010 ዓ.ም. ገደማ ታድሶ የሰፋው የቃሊቲ ማጣሪያ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ ፍሳሽ የማጣራት አቅም ተሰጥቶታል። ማጣሪያ ግን የሚያጣራው የደረሰውን ነው። ከቱቦ ያልተገናኘ ግቢ ፍሳሹን በቦቴ ያስመጥጣል ወይም ወደ ቦይ ይለቃል፤ በአሮጌዎቹ የመሐል ከተማ ሰፈሮች ቱቦ ለመዘርጋት የሚያስችል መተላለፊያ መጥፋቱም ሥራውን አክብዶታል። የመርካቶ ቦዮች ለዝናብ መውረጃ ብቻ ሆነው ከፍሳሽ ካልተለዩ፣ መካኒሳ ላይ የሚተከል ሣርና አግዳሚ ወንበር የወንዙን ጠረን አይለውጠውም።

ከአባ ሳሙኤል ወዲያ

አባ ሳሙኤል የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ የተሠራበት ግድብ ነው። ለረጅም ጊዜ ሥራ አቁሞ ቆይቶ በቻይና እርዳታ ታድሷል። ሐይቁ ሁለቱ አቃቂዎች ያመጡትን ደለልና ፍሳሽ ለአሥርት ዓመታት ሲቀበል ኖሯል፤ እንቦጭ ፊቱን የሚሸፍነው ውሃው በፍሳሽ ማዳበሪያ ስለወፈረ ነው። በአንድ በኩል ግድቡ ለታችኛው አዋሽ እንደ ማጥለያ ሆኖ ያገለግላል፤ በሌላ በኩል ለአቃቂ አካባቢ ሕዝብ የተጠራቀመ መርዝ ጎረቤት ነው። ከአጠገቡ ያለው የአቃቂ የጉድጓድ ውሃ መስክ ለከተማዋ የመጠጥ ውሃ ያቀርባል። የወንዙ ውሃ በተሰነጣጠቀው ድንጋይ በኩል ወደዚያ የከርሰ ምድር ውሃ ምን ያህል ይሰርጋል የሚለው በባለሙያዎች መካከል አሁንም ያከራክራል። ወፍራሙ ጥቁር አፈር ይከላከላል የሚሉ አሉ፤ አፈሩ በሳሳበትና ስንጥቅ በበዛበት ቦታ መከላከያው አይሠራም የሚሉም አሉ። መልሱ እርሻን ብቻ ሳይሆን የከተማዋን ቧንቧ ስለሚነካ፣ በወንዙ ላይ ከሚነሡ ጥያቄዎች ሁሉ ቅድሚያ የሚገባው ይህ ነው።

ከአባ ሳሙኤል የሚወጣው ውሃ አዋሽን ተቀላቅሎ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ወደ ጀመረው ቆቃ ግድብ ይደርሳል። ከዚያ ወንጂን፣ መተሐራንና የአፋርን የእርሻ ልማቶች እያጠጣ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይጓዛል። የአዋሽ ሙሉ ርዝመት 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወንዙ ባሕር ሳይደርስ፣ በጅቡቲ ድንበር ላይ ባለው አቤ ሐይቅ ያበቃል። አቤ ሐይቅ መውጫ የለውም፤ ውሃው በፀሐይ ይተናል፣ ይዞት የመጣው ግን እዚያው ይቀራል።